የመሸሻ ሹመት

ሚኒስትር ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቀምቴ የገባሁ ዕለት ያረፍሁት በመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ሳይሆን ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ አማቴ አዴ ወለቴ ቤት ነበር። አጃቢዎቼ ደስ አላላቸውም። እኔ ግን ሽማግሌ እንደሚላክብኝ አስቀድሜ ሰምቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የባሌ እናት እንዲሰሙ ፈለግሁ።

ባሌ ነመራ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ከነበረው ቤታችን በላንድሮቨር የወሰደው የቀበሌው ሊቀመንበር መሸሻ ነው። መሸሻን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ አባቱና አባቴ አብረው ከሸዋ የመጡ የአንድ ማኅበር ሰዎች ነበሩ። በማግስቱ ሄጄ ስጠይቀው «ወደ አዲስ አበባ ተልኳል። እኔ ፈርሜ አስረከብሁ እንጂ ከቢሮዬ አልወጣሁም» አለኝ። ከዚያም በኋላ በጠየቅሁት ቁጥር ያንኑ ይመልስልኛል። አዲስ አበባ ያሉት እስር ቤቶች ግን የነመራን ስም አያውቁትም። አስከሬን ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጥንም። ቢኖርም አያስቀምጡንም ነበር።

እንዴት ያንን መንግሥት አገለገልሽ የሚሉኝ አሉ። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት የሂሳብ አያያዝ ነው፤ ሥራዬ ግብር ነው፤ ግብር የማያስፈልገው መንግሥት የለም። አዲስ አበባ አዛወሩኝ፣ ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ፣ ፓርቲው ውስጥ ግቢ ሲሉኝ ገባሁ። «የባሏን ደም ሸጠች» መባሉ ደርሶኛል። መሸሻም ከቀበሌ ወጥቶ የክፍለ ሀገሩ ግብር መሥሪያ ቤት ገብቶ ነበር፤ እኔ ከፍ ባልሁ ቁጥር እሱ ከእኔ በታች ይሆናል። ስሙ ለኃላፊነት እየቀረበ ጠረጴዛዬ ይደርሳል፤ ሳልፈርም እመልሰዋለሁ። ምክንያት አልሰጥም።

ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ መጡ። ኦቦ ሞረዳ እንደ አገሩ የእርቅ ወግ እርጥብ ሳር ይዘዋል። አብረዋቸው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ፈድሉ አሉ። መሸሻ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ከኋላቸው ገባ።

«አከም ጂርታ፣ ኢንተለኮ» አሉኝ ኦቦ ሞረዳ። እንደምን አለሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ በዚያ ቀን ጓድ ሚኒስትር ያላለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። «ይህ ሰው ተገፋሁ ይላል። ሥራውን አሳምሮ ይሠራል ይባላል፤ ሹመቱ ግን እየሄደ ይመለሳል። በመካከላችሁ ያለውን ልንሰማ መጣን።»

«ሥራውስ ጥሩ ነው» አሉ ፈድሉ። «የእኔን ሱቅ ሲገምት የጎረቤቴንም ደርቦ ነው የገመተው።»

ከመሸሻ በቀር የሳቀ የለም።

«ኦቦ፣ በዚህ አገር ወግ ጉማ የሚወርደው፣ የደም ካሳው የሚከፈለው፣ ገዳይ በገዛ አፉ ሲያምን ነው። አይደለም?» አልኋቸው።

«ነው።»

«እንግዲያው ይናገር።»

መሸሻ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽማግሌ ፊት አልዋሽም። ፈርሜ አስረከብሁ። ከቢሮዬ አልወጣሁም። ከዚያ ወዲያ የላይኞቹ ያውቃሉ።»

ግብር ቤት ስቀጠር የመጀመሪያው አለቃዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ። ነጋዴን ምን ሸጥህ ብለሽ አትጠይቂ፤ ይዋሽሻል። ምን ገዛህ በይው፤ ጆንያውን፣ ሲባጎውን፣ ጋዙን ጠይቂው። ሰው ስላወጣው ወጪ አይዋሽም፤ እንዲያውም ስለ ውድነቱ ያማርርልሻል።

ስለዚህ ስለ ነመራ አልጠየቅሁትም። «ያን ጊዜ ቤንዚን ጠፍቶ ነበር» አልሁት።

«ውይ፣ አያንሱት፤ ጉድ ነበር እኮ!» ፊቱ ፈካ። የሚያውቀው ጨዋታ መጣለት።

«ታዲያ ያቺ የቀበሌ ላንድሮቨር በምን ትሄድ ነበር?»

«በመከራ ነዋ። ያን ለታ እንኳ ሲሬ ላይ አንዱን ነጋዴ ለምነን፣ ተቆጥተን፣ አንድ ጀሪካን ነው የሰጠን። ስስታም ነበር ሰውየው።»

«አንድ ጀሪካን አዲስ አበባ ያደርሳል?»

«ለመመለሻችን ነው እንጂ…»

እዚያ ላይ ቆመ። ባርኔጣውን አንድ ጊዜ አዞረው። ፈድሉ ወደ በሩ ተመለከቱ። ኦቦ ሞረዳ የያዙትን ሳር ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

አዴ ወለቴ ከተቀመጡበት መደብ ቀና አሉ።

«ኤሳ?» አሉት። የት?

መሸሻ የመለሰው እኔን እያየ ነው። «ከዚህ ሄደው ሲሬ ሊገቡ ሲሉ፣ ድልድዩን እንዳለፉ። ሾላው ሥር። እጄ አለበት።»

በማግስቱ ማለዳ እሱን ከፊት አስቀምጠን ሄድን። ሾላው አለ። ዙሪያው ኑግ ተዘርቶ አብቧል፤ ገበሬው ከግንዱ ሥር ጥቂት ክንድ ያህል ሳያርስ ትቶታል፤ ምክንያቱን የጠየቀው አልነበረም። አዴ ወለቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለልጃቸው አለቀሱ። እኔ ያደረግሁትን አልጽፍም።

ልቅሶው ጋብ ሲል ኦቦ ሞረዳ ቀረቡኝ። «አምኗል። ከብቱን ይንዳና ጉማው ይውረድ። ሹመቱንም አትከልክዪው።»

«አልከለክለውም» አልሁና መሸሻን ጠራሁት። «ከመጪው ወር ጀምሮ የሲሬ ግብር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነህ። መኖሪያህም እዚያው ይሆናል። በየሳምንቱ ነቀምቴ እየመጣህ ሪፖርት ታደርጋለህ።»

ወደ መንገዱ አየ። ከሲሬ ነቀምቴ ሌላ መንገድ የለም።

«ጓድ ሚኒስትር፣ ሌላ ቦታ ቢሆን… ጊምቢም ቢሆን፣ ደምቢ ዶሎም ቢሆን እሄዳለሁ። ካልሆነም ይቅርብኝ።»

«የአብዮቱን ሹመት እምቢ ትላለህ? ሽማግሌ ፊት?»

እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚሆን በዚያ አገር ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። «አልልም» አለ።

«ለካ የሱቄ ግምት ምሕረት ኖሯል» አሉ ፈድሉ ለራሳቸው።

ኦቦ ሞረዳ መኪና ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ። «ኢንተለኮ፣ ይህ እርቅ አይደለም» አሉኝ።

«አይደለም፣ ኦቦ።»

ከብቱን አዴ ወለቴ አልቀበልም አሉ። ወሬው ለሲሬ ገበያ ቀን ደረሰ። የአውቶቡስ ሾፌሮች መሸሻን ከጫኑ ድልድዩን አልፈው ቀስ ይላሉ አሉ፤ አንዳንዱም ውሃ ልጨምር ብሎ ያቆማል፤ ተሳፋሪውም ወርዶ ከሾላው ጥላ ሥር ይቆያል። መሸሻ አይወርድም።

ከዓመት በኋላ የሲሬ አየር አልተስማማኝም ብሎ ጻፈ። ሐኪም ላክሁለት። ሐኪሙ መርምሮ ሌሊት እንቅልፍ የለውም እንጂ በሽታ አላገኘሁበትም አለ። በሽታ ከሌለበት ሥራውን ይቀጥል አልሁ።