ሁለት ፎቶ ለአንድ መታወቂያ

የፋብሪካው ፎቶ አንሺ «አትነቃነቅ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው። ሰውን በግራጫው መጋረጃ ፊት በርጩማ ላይ ካስቀመጠ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም። አገጭ በሁለት ጣቱ ያቀናል፤ መብራቱን ይጎትታል፤ ተመልሶ መጥቶ ያንኑ አገጭ ደግሞ ያቀናል። በመጨረሻ ካሜራው ቀጭ ሲል ከፎቶው ላይ የሚቀረው፣ ጥርሱን ሊያስነቅል ተራ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

አትነቃነቅ በዚህ ይኮራል። መታወቂያ ላይ ማዲያት ያለባት ከነማዲያቷ፣ ዓይኑ ሥር ያበጠበት ከነእብጠቱ መውጣት አለበት ባይ ነው። ፎቶው ያልጣመው ሰው ሲመጣ ካሜራው ከራሱ የጨመረው ነገር እንደሌለ ይነግረውና፣ ቅሬታውን ለእናቱ እንዲያቀርብ ይመክረዋል።

በዚህ ዓመት የሠራተኛው ሁሉ መታወቂያ እንዲታደስ ሲታዘዝ፣ የአስተዳደር ኃላፊው ጸሐፊ እኔ በስልኬ አንስቼ በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ አለች። ጸሐፊዋ የአትነቃነቅ የእህቱ ልጅ ናት። ሥራ ያስገባት እሱ ነው፤ በስልኬ ካለችበት ቀን ጀምሮ ይህን ላገኘው ሁሉ ሲናገር ሰነበተ። ኃላፊው ደግሞ የፎቶ ክፍሉን ለወረቀት ማከማቻ ከተመኘው ቆይቷል። ቢሆንም አድልዎ አደረገ መባልን ስለሚፈራ ሙከራ እንዲደረግ ወሰነ። አሥራ አንድ ሠራተኞች በካሜራም በስልክም ይነሳሉ። ሁለቱም ፎቶዎች ታትመው በፖስታ ለባለቤቶቻቸው ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የመረጠውን ካርቶን ውስጥ ይከታል፣ ሌላውን ቀድዶ ይጥላል። ካሜራው ከተሸነፈ ክፍሉ ይዘጋል፤ አትነቃነቅም ለጡረታ የቀሩትን አራት ዓመታት መዝገብ ቤት ይፈጽማል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አላት ለእህቱ ልጅ።

«ይጠራል ጋሼ። መታወቂያው ግን ለሰኞ ነው የሚፈለገው።»

አሥሩን በየተራ አነሳ፤ ሾፌሩን ብቻ ግማሽ ሰዓት አስቀመጠው። እሷ ከበሩ ውጭ መስኮቱ አጠገብ ቆማ የሚወጣውን ሁሉ ትጠራለች። ሰዎቹ ከእሱ እጅ ገና መገላገላቸው ስለሆነ ማንም ሳያዛቸው ፈገግ ይላሉ። ስልኩ ደግሞ የራሱን ጨመረበት፦ ሽብሽቡን ዘረጋው፣ ማዲያቱን አጠበው፣ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ሲያደበዝዝ የሾፌሩን የግራ ጆሮ ጫፍም አብሮ ወሰደው። አትነቃነቅ ይህን ሲያይ የሚሆነውን አጣ። ጆሮ የጎደለው ፎቶ ታትሞ ሲመጣ እያሳየ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። ሾፌሩ ግን ፎቶውን በክንዱ ልክ አርቆ ተመለከተና ጆሮው ድሮም ትልቅ ነበር አለ።

አሥራ አንደኛ ሰው ሲጠፋ የእህቱ ልጅ የእሱም መታወቂያ ጊዜው ማለፉን አስታወሰችው። በስልክ ስታነሳው ስለ ኃላፊው ሆድ አንድ ነገር ጣል አደረገችና ሳይወድ ሳቀ። በካሜራው ግን ራሱን በራሱ ነው ያነሳው። መብራቱን አስተካክሎ፣ ካሜራው ከአሥር ሰከንድ በኋላ እንዲያነሳ አዝዞ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠና የገዛ አገጩን በሁለት ጣቱ አቀና። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን «አትነቃነቅ» አለ።

ፖስታው ሲደርሰው በሩን ዘጋ። የካሜራው ፎቶ ጥርት ያለ ነው፤ የቅንድቡ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከወረቀቱ ላይ የሚያየው አባቱ ነበር፣ ታምሞ በተኛበት በመጨረሻው ዓመት። በስልኩ ፎቶ ላይ ያለው ደግሞ አንድ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ በደንብ የሚያውቀው፣ መቼ እንደተለየው ግን ልብ ያላለው ሰው። ብዙ አየው። ከዚያ ማስላት ጀመረ። ሾፌሩ ትናንት ኮሪደር ላይ ክንዱን ይዞ «ለአንተ ነው የምሰጠው ጋሼ» ብሎታል። ገንዘብ ያዥዋም እንደዚያው ብላዋለች፤ መጋዘን ያዡማ ምሎለታል። ሲያንስ ሲያንስ ሰባት ድምፅ አለው። የእሱ አንዲት ወረቀት ምን ትጎዳለች?

ካርቶኑ በማግስቱ ከምሳ በፊት በሁሉም ፊት ተከፈተ። ኃላፊው ከየፎቶው ጀርባ የተጻፈውን፣ «ካሜራ» ወይም «ስልክ» የሚለውን፣ እያነበበ በሁለት ረድፍ ሊደረድር ነበር፤ አንደኛው ረድፍ ግን አልጀመር አለ። ለስልኩ አሥራ አንድ፣ ለካሜራው ባዶ።

አትነቃነቅ ተነሣ። ሾፌሩን፣ ገንዘብ ያዥዋን፣ መጋዘን ያዡን በየተራ እያየ፣ ፊት ለፊት ምለው ከኋላ ስለሚወጉ ሰዎች ተናገረ። በዚህ ፋብሪካ እውነት የሚወድ አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ ወይ አለ። ሁሉም መሬት መሬት አዩ፤ የምራቸውን አፍረዋል።

መጋዘን ያዡ ብቻ፣ መቁጠር ልማዱ ነውና፣ ፎቶዎቹን እያገላበጠ እንደገና ቆጠረ። አንዷ ላይ ሲደርስ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አያት።

«ጋሼ» አለ፣ «ይቺ ያንተ አይደለችም?»

ሾፌሩ ቀና አለ። ገንዘብ ያዥዋም ቀና አለች። አትነቃነቅ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አምሮበታል እኮ» አለች የእህቱ ልጅ።

ሰኞ ጠዋት ከማተሚያው መጀመሪያ የወጣው መታወቂያ የእሱ ነበር፤ ከፈገግታው ሥር «መዝገብ ቤት» ይላል። ከምሳ ሲመለስ አዲስ የተቀጠረው በር ጠባቂ መታወቂያውን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ተመልሶ መታወቂያውን አየና የወንድምህን ነው ወይ ይዘህ የመጣኸው ብሎ ጠየቀው። ከኋላ ሰልፉ ይረዝማል። አትነቃነቅ አገጩን ቀና አደረገና፣ በር ጠባቂው እንዲያስገባው፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ።