ጡቧን አየሃት?

እኔ በግድግዳ ዋሽቼ አላውቅም። በሌላ በሌላው ዋሽቻለሁ፤ ሲጋራ አቁሜያለሁ ብዬ ለሚስቴ፣ ጉልበቴን አያመኝም ብዬ ለሐኪም። በግድግዳ ግን የለም። አርባ ዓመት ግንበኛ ሆኜ ስኖር፣ የገዛ ወንድሜ እንኳ ቤቱን ሊያሳየኝ ሲወስደኝ ግድግዳው ተጣሞ ባየው "ተጣሟል፣ አፍርሰው" ነው ያልኩት። ወንድሜ እስከ ዛሬ ቅር ብሎታል፤ ይበለው። ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ዋሸሁ። ያውም ለልጄ።

ልጄ ሥራዋ ማፍረስ ነው። አባት ሲገነባ ኖሮ ልጅ በኮምፒውተር ታፈርሳለች፤ ወይ ጉድ! እነዚያ ካባ ለብሰው የሚበሩ ጀግኖች ያሉበት ፊልም መጨረሻ ላይ ከተማው በሙሉ ይደረመስ የለም? ያንን የሚሠሩት እሷና መሰሎቿ ናቸው። አሁን በወጣው ፊልም ላይ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሕንጻ ስታፈርስ ከረመች። አንድ! እኔ በስምንት ወር ባለ ሦስት ፎቅ አቆማለሁ። እሷ የለፋችበት ደግሞ ፊልሙ ላይ አርባ ሰከንድ ነው የሚቆየው። ዓይኗ ቀልቶ፣ አንገቷ ደርቆ፣ እሑድ ምሳ ላይ ማንኪያ እንደያዘች ታንቀላፋ ነበር። አንጀቴን ትበላኝ ነበር፤ ግን ምን ልበላት?

መሥሪያ ቤቷ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ውል ፈርሚ አላት። ሰኞ ጠዋት መልስ መስጠት አለባት። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስትመለስ ሁለት የሲኒማ ትኬት ይዛ ቤታችን መጣች።

"አባዬ፣ አንተና እማዬ ሂዱና እዩልኝ። መጨረሻው ውጊያ ላይ ነው፤ ጥግ ላይ የቆመው ባለ ቀይ ጡብ ሕንጻ የኔ ነው። ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር ከሆነ እፈርማለሁ። ካልሆነ ዕድሜዬን አልፈጅም።"

"እኔን ምን አገባኝ? ፊልም የሚያውቁትን ጠይቂ።"

"እነሱ ይዋሹኛል። አንተ በግድግዳ አትዋሽም።"

ይኸው። ቃል በቃል እንደዚያ ነው ያለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። ሚስቴ ለሠርግ የምታወጣውን ጫማ አድርጋለች። አዳራሹ ሞልቷል። ፊልሙ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሲጀምር መጥፎ አልነበረም። ጀግናው ገና ካባውን ሳይለብስ እናቱ ወጥ ቤት ይመጣል። እናትዬዋ የሸሚዙን የተቀደደ ትከሻ እየሰፋች ትቆጣዋለች፤ መርፌዋን በጥርሷ ይዛ ትቆጣዋለች፣ ክሩን እየበጠሰች ትቆጣዋለች። እሱ ያ ሁሉ ጉልበት እያለው እንደ ሕፃን አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው ጠፋ። እኔ ግን ሙያ ክፉ ነው፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ሄደ። ከምድጃው በስተግራ፣ ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ልስኑ አብጧል፤ ነጭ ጨው ተፍቷል።

ወደ ሚስቴ ጠጋ ብዬ "ይሄን ቤት የሠራው ግንበኛ ሌባ ነው። መሠረቱ ላይ እርጥበት መከላከያ ሳያነጥፍ ነው ያቆመው" አልኳት።

"ዝም በል! ሴትዮዋ እያለቀሰች ነው" አለችኝና ትንሽ ቆይታ "ወጥ ቤቱ ግን የሆነ ቦታ የማውቀው ይመስለኛል" አለች።

ከዚያ ውጊያው መጣ። ሰማዩ ተቀደደ። ከቀዳዳው አንድ ቀንዳም ነገር ወጣ። ጀግናውን በመኪና መታው፤ ተነሳ። በአውቶቡስ መታው፤ ተነሳ። ድልድይ ነቅሎ መታው፤ አሁንም ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈ። ታዲያ ለማይሞት ሰው እኔ ምን አስጨነቀኝ? ብርሃን ብልጭ፣ ጩኸት ዷ፣ ብርሃን ብልጭ፣ ጩኸት ዷ። ከፊቴ ያሉት ስልካቸውን አወጡ። ሚስቴ "መጣሁ" ብላ ተነስታ ወጣች። እኔ የልጄን ሕንጻ ልጠብቅ ብዬ ዓይኔን አፍጥጬ ተቀመጥኩ። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ።

ሚስቴ በክርኗ ስትጎስመኝ ብንን አልኩ። መጋረጃው ላይ የሰው ስም እየተንቆረቆረ ነው።

"አየኸው?" አለችኝ።

"እንቅልፍ ጣለኝ። አንቺስ?"

"እኔ ሽንት ቤት ወረፋ ላይ ነበርኩ። ግማሹ ሰው እዚያ ነው ያለው።"

መዶሻና መጋዝ በሚጮህበት ግንባታ ውስጥ አርባ ዓመት ምሳ ሰዓት ላይ ጋደም ብዬ እንቅልፍ በዓይኔ ዞሮ አያውቅም። የገዛ ልጄ ሥራ ላይ ተኛሁ!

ቤት ስንደርስ ልጄ ራት አቅርባ እየጠበቀችን ነው። ገና ኮቴን ሳላወልቅ ዓይኔን ዓይኔን እያየች መጣች።

"እህስ? ጡቧን አየሃት?"

የምን ጡብ? እኔ ስለ ጡብ የማውቀው የለም። ግን ፊቷን ሳየው አፌ ብቻውን ሄደ።

"አየኋት" አልኩ።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "አውቄ ነበር! ለማንም አልተናገርኩም እኮ። አለቆቼ እንኳ አላዩአትም። በሩ አጠገብ አቆምኳት፣ ልክ እንዳንተ።"

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የገነባሁት የጡብ ቤት ሁሉ በሩ አጠገብ አንድ ጡብ አለችው። ሌሎቹ ጡቦች ተጋድመው እሷ ብቻ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ፊርማዬ ናት። ልጄ ትንሽ ሳለች መንገድ ስንሄድ እጄን ጎትታ "አባዬ፣ ያቻትልህ!" ትለኝ ነበር። ይህችን ጡብ ነው ስምንት ወር ከለፋችበት ነገር ውስጥ ለኔ ብላ ያቆመችልኝ። እኔ ደግሞ አንኮራፍቼባታለሁ።

"እንግዲያው እፈርማለሁ" አለችና ደስ ብሏት ሄደች።

ሚስቴ ሳህን እያነሳች "አንተ ሰውዬ፣ ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል" አለችኝ።

እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ብቻዬን ተመልሼ ሲኒማ ቤት ሄድኩ። ውሸቴን እውነት ላደርገው ነው፤ አያችሁ ብልጠቴን? እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ ወንበር አልያዝኩም፤ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሰው ስቆጥር አሥራ አንድ ነው። ወጥ ቤቱ መጣ፤ አሥራ አንዱም ትንፋሹን ዋጠ። እኔም ግንበኛውን በድጋሚ ረገምኩት። ውጊያው መጣ፤ መኪና፣ አውቶቡስ፣ ድልድይ። ጉልበቴን እያሻሸሁ ቆየሁ።

ከዚያ አየሁት። ቀዩ ሕንጻ ጥግ ላይ ነው። በሩ አጠገብ፣ ከተጋደሙት መሃል፣ አንዲት ጡብ ቀጥ ብላ ቆማለች። የኔ ጡብ! አፈራረሱስ ብትሉኝ! መጀመሪያ ከመጋጠሚያው የሲሚንቶ አቧራ ቡን አለ፣ ከዚያ ጥጉ ተከፈተ፣ ከዚያ ረድፍ በረድፍ ወረደ። እውነተኛ ግንብ ልክ እንደዚያ ነው የሚወርደው። ልጄ ይሄን ከየት ተማረችው? እንባዬ መጣ። "አያችሁ?" ልል ዞር ዞር አልኩ። አንዱ ተኝቷል። አንዷ ስልኳን ትነካካለች። ሁለቱ ወጥተዋል። አንዱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።

ትኬት ቆራጩ መጥረጊያ ይዞ ገብቶ አጠገቤ ቆመ።

"አባባ፣ ምነው ቆሙ? ይሄ እኮ ገና ሩብ ሰዓት ይቀረዋል። ሰው የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ኮሪደሩን የምጠርገው እዚህ ላይ ነው።"

"የሚያየው የለም?"

"ያዩታል ብለው ነው?" ብሎ መጥረግ ጀመረ።

እየተራመድኩ ቤቴ ተመለስኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ጡቧን አይቻለሁ፤ ሕንጻው አንደኛ ነው። ግን እሷ የጠየቀችኝ ጥሩ ነው ወይ ብላ አይደለም። ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል ወይ ብላ ነው። ሦስት ዓመት ዓይኗን አቃጥላ ሰው ሽንት ቤት ሲሰለፍ የሚፈርስ ነገር ልትሠራ ነው፤ ያውም በኔ ቃል።

ከሰዓት መጣች። አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ትናንት መተኛቴን፣ ዛሬ ማየቴን፣ የተኛውን፣ ስልኳን የምትነካካዋን፣ መጥረጊያውን። ምንም አልሸሸግኩም። ሚስቴም ወረፋውን ጨመረችላት። ልጄ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ስምንት ወር" አለች ቀስ ብላ። "ታዲያ ማንም ምንም አላየም ማለት ነው?"

"ኧረ አይተዋል! ያቺን እናትዬዋን፣ ያቺን ወጥ ቤት። ሁለቱንም ቀን አንድ ሰው አልተንቀሳቀሰም። እሷ ላይ ማን ይተኛል? ግድግዳዋ ግን የሌባ ሥራ ነው። ቤቱን ከማን ነው የተከራዩት? ቢመክሩት ጥሩ ነው፣ በሁለት ክረምት ውስጥ ይወርድበታል።"

ልጄ ቀና አለች። "የቱ ግድግዳ?"

"ከምድጃው በስተግራ ያለው። አብጦ ጨው የተፋው።"

"አባዬ፣ እሱ ግድግዳ የለም።"

"እንዴት የለም? በዓይኔ አይቼ!"

"ተዋናዮቹ አንድ ጠረጴዛ ይዘው አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ነው የተቀመጡት። የቀረውን እኔ ነኝ የሠራሁት። አንዱ ባልደረባዬ ታሞ በአራት ቀን ጨርሺ አሉኝና ጨረስኩ። ሥራ ብዬም አልቆጠርኩት፤ ለዚያ ነው ያልነገርኩህ።"

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አርባ ዓመት ግድግዳ ዳብሼ፣ በሌለ ግድግዳ ላይ ስራገም ሁለት ቀን ዋልኩ!

"እርጥበቱንስ ከየት አመጣሽው?" አልኩ።

እናቷን አየቻት፤ እናቷም አየቻት። ከዚያ ሚስቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"የመጀመሪያው ቤታችን ነው!" አለች እንባዋን እየጠረገች። "የማውቀው ይመስለኛል አላልኩህም? እሷ የተወለደችበት፣ ከምድጃው በስተግራ! አንተ አይደለህ የገነባኸው? ሌባው!"

እውነቷን ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ችኮላ ላይ ነበርኩ፣ መከላከያ አላነጠፍኩም። ዕድሜ ልኬን የሰው ቤት "አፍርሰው" እያልኩ የራሴን ረስቼዋለሁ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ልጄ ግን ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወርዶ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስትስቅ አየኋት።

ስትረጋጋ "ነገ ምን ልበላቸው?" አለችኝ።

"ግድግዳ ስጡኝ በያቸው። የሚፈርሰውን ለሌላ ስጡ በያቸው።"

"እምቢ ካሉስ?"

"እምቢ ካሉማ እነሱ ይፍረሱ!"

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች። የሦስት ዓመቱን ውል አልፈረመችም። ለአንድ ዓመት፣ ክፍሎች ብቻ ልትሠራ ተስማምተዋል። የመጀመሪያው የአንድ ሽማግሌ መኝታ ቤት ነው አለችኝ።

"በሩ አጠገብ ጡቧን አቁሚያት" አልኳት።

"ይለሰናል እኮ አባዬ፣ አትታይም።"

"አትታይ። አንቺ አቁሚያት።"

"እሺ አባዬ፣ አቆማታለሁ" አለች፤ ድምጿ ላይ እንቅልፍ አልነበረበትም። ስልኩን ሳስቀምጥ ሚስቴ ከወጥ ቤት "ሌባው፣ ና ምሳ ቀርቧል!" ብላ ተጣራች።