ላልታወቀ መኪና የተከፈተ መስኮት

ገጭቶኝ ያመለጠው ሰው ይመስገን፤ እሱ ባይኖር ይህን ሁሉ ቢሮ መቼ አየው ነበር? ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ስሰፋ ከስፌት መኪናዬና ከደንበኞቼ ወሬ በቀር የማውቀው አልነበረም። ሰው ሲለካ አፉ ይፈታል። እኔ ደግሞ በአፌ ስፒል ስለምይዝ ማዳመጥ ለምጃለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ ያለቀ ኮት በክንዴ ይዤ መንገድ ስሻገር አንድ ነጭ መኪና ቀኝ ጉልበቴን ሰብሮት ሄደ። ሹፌሩ ፍሬን እንኳ አልያዘም፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ሆስፒታል በገባሁ በሁለተኛው ቀን የኮቱ ባለቤት ሊጠይቀኝ መጣ። «እግዜር ይማርህ» አለና ኮቱን ደም ነክቶት እንደሆነ ጠየቀኝ። አልነካውም ነበር። ደስ ብሎት ሄደ።

ሐኪሙ ግን ቀልድ አያውቅም። «በስድስት ወር ውስጥ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ካላደረግህ ጉልበትህ እንዲሁ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ አይታጠፍም» አለኝ። የእኔ የስፌት መኪና በእግር የምትሠራ ናት፤ የማይታጠፍ ጉልበት ፔዳል አይረግጥም። ለቀዶ ጥገናው ደግሞ ከካሳው ሌላ ተስፋ አልነበረኝም።

ካሳ የሚጠየቅበት ቢሮ ስሄድ መጀመሪያ የላኩኝ መስኮት ሁለት ነው።

«የገጪውን ስምና አድራሻ ይዘው ይምጡ» አለኝ ሠራተኛው።

«አምልጧል እኮ፣ ልጄ።»

«ካመለጠማ መጥሪያውን በየት እንልክለታለን?»

እውነቱን ነው፤ አላሰብኩበትም ነበር። ወድቄ ሳለሁ መጠየቅ ነበረብኝ።

ሦስት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ የቢሮው የጽዳት ሠራተኛ አዘነችልኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ መስኮት አራት ነው፤ ላልታወቀ መኪና የተከፈተው» አለችኝ። ለካ ገጭቶ ለጠፋ መኪና ካሳውን የሚከፍለው መንግሥት ራሱ ነው። የሚፈለገው መኪናው አለመታወቁን የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ነው። አለማወቅ የሚጠይቅ ቢሮ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ፊደል ከጨርቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ለቆጠርኩ ለእኔ ቢጤ ታስቦ የተከፈተ መሰለኝ።

አንደኛዋ ምስክር የሰፈራችን እንቁላል ሻጭ ናት። «መኪናው ነጭ ነው። ታርጋውን አላየሁም፤ እንቁላሌን ነበር የማየው» ብላ ፈረመች። ሁለተኛው የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሰፈሩ ራዲዮ ይለዋል፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። መኪናው ሲገጨኝ እሱ ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት ውስጥ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ነበር። ምንም አላየም። እኛም የፈለግነው ይህንኑ ነው።

«አላውቅም ትላለህ፣ በቃ» አለችው ሚስቴ ከቤት ስንወጣ።

«ልጅ መሰልኩሽ እንዴ?»

«ልጅማ ብትሆን መች እሰጋ ነበር!»

የመስኮት አራት መርማሪ፣ «የመኪናውን ታርጋ አይተዋል?» ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ።

ራዲዮ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ ሰው በአርባ አንድ ዓመቱ አንድ ቀን አላውቅም ብሎ አያውቅም፤ መንገድ የጠየቀውን እንግዳ እንኳ አንድ ቦታ ሳይልክ አይመልስም። እናም ታርጋውን ከነፊደሉ ጠራው። መርማሪው ሁለት ጊዜ አስደገመው። ሁለቱንም ጊዜ አልተሳሳተም።

ውጪ ስንወጣ «ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሰውየው እስክሪብቶ ይዞ እያየኝ ምን ልበለው?»

ያኔውኑ ተመልሼ ውሸት ነው ማለት ነበረብኝ። በሐሰት ምስክርነት ይታሰራል ብዬ ፈራሁ። ይልቅ ታርጋው በዓለም ላይ የሌለ እንዲሆን ጸለይኩ። ተንበርክኬ እንዳልል ጉልበቴ እምቢ ብሏል፤ ተቀምጬ ነው። ፈጣሪ እንዲህ ያለ ልመና ሰምቶ እንደሆነ እንጃ።

ታርጋው ነበረ።

መጥተው ይፈርሙ ተብዬ በተጠራሁ ጊዜ ሐኪሙ ከሰጠኝ ስድስት ወር የቀረው ሰባት ሳምንት ነው። ቢሮው ውስጥ ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ባለታርጋዋ እሳቸው ናቸው። ራዲዮም ተጠርቶ ጥግ ላይ ቆሟል።

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አለኝ ሠራተኛው። «መኪናው ተገኘ፤ ኢንሹራንስም አለው። የገጨኝ ይህ ነው ብለው እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ በሁለት ሳምንት ያልቃል።»

«የእኔ መኪና ቀይ ነው» አሉ አዋላጇ።

«ቀለም ይቀባል፣ እማማ።»

«በዚያን ቀን ጋራዥ ነበር። ወረቀት አለኝ።»

«ወረቀት የሚታየው ፎቅ ላይ ነው።»

«እኚህ ሴትዮ ምን ይሆናሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ገጭቶ ማምለጥ ወንጀል ነው፤ እሱ የሌላ መስኮት ጉዳይ ነው። እርስዎን አይመለከትም።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። መቀበል ብቻ አይደለም፣ ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳርፌዋለሁ። ጉልበቴ ሲታጠፍ ታየኝ፤ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ አልለመኑኝም፣ አልተቆጡኝም። እግሬን ሲያዩ ቆዩና፣ «ያብጣል?» አሉኝ።

«ሲመሽ።»

«ትራስ ላይ ከፍ አድርገው እንጂ።»

ይህን ባይሉኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ፈጣሪ ያውቃል። እኔ ባላውቀው ይሻለኛል።

«የገጨኝ ይህ መኪና አይደለም» አልኩ።

ሠራተኛው መዝገቡን ገለጠ። «ታርጋውን አላየሁም ብለው የለም እንዴ?»

«አላየሁም።»

«ካላዩት አለመሆኑን በምን አወቁ? ምስክርዎ አይቻለሁ ይላል፤ እርስዎ አላየሁም ይላሉ። ማንን እንመን?»

ሁላችንም ወደ ራዲዮ ዞርን። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«አረፋ... ፊቴ ላይ አረፋ ነበር» አለ።

«እና?»

«እና አላውቅም።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ መንጋጋ ጥርስ የተነቀለበት ይመስል ነበር።

ሠራተኛው አልተቆጣም፣ ተከፋ እንጂ፤ የተገኘ መኪና ሲጠፋበት ይህ የመጀመሪያው ነው። አዋላጇን አሰናበታቸው። ራዲዮን በሐሰት ቃል እንደሚጠየቅ ነግሮት ቀጠረው። የእኔ መዝገብ ወደ መስኮት አራት ይመለሳል፣ ሌላ ምስክር ይመጣል፣ ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሐኪሙ የሰጠኝ ጊዜ ከዚያ በፊት ያልቃል።

«ማስቸኮል አይቻልም?» አልኩት።

«ይቻላል፤ በማመልከቻ። መልሱ በሦስት ወር ይደርስዎታል።»

ከራዲዮ ጋር ቤት ስንገባ ሚስቴ በር ላይ ቆማለች።

«ፈረምክ?»

«አልፈረምኩም።»

«እሰይ» አለች። ለወንድሟ ውሃ ቀዳችለት። ጥቂት ቆይታ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጉልበትህስ?» አለችኝ።

«እንጃ።»

ከዚያ የማስቸኮያውን ማመልከቻ ልንጽፍ ተቀመጥን፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

«በታላቅ ትሕትና በል።»

«ሦስት ቦታ ብያለሁ እኮ።»

«አራተኛ ጨምርበት፤ ምን ያስከፍልሃል?»

ጨመርኩበት።