የሉማሜው ፍሪጅ

አንሙት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቦርድ እንደገና ነቅሎ ሰካው። መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ናት። ስክሪኑ ሁለት መስመር ጻፈና ቀጥ አለ።

የዚህች መንትያ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ ትጠብቃለች። ፍሪጁ ሲሞቅ ለነርሷ መልእክት መላክ ሥራዋ ነበር፤ ግን በየሳምንቱ ቀጥ ትላለች። ያኔ አንሙት ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ይሄዳል፣ ያስነሳታል፣ ከነርሷ ከሲስተር ትሕትና ጋር ሻይ ይጠጣል፣ ይመለሳል። ሳምንቱን የሚገፋው ያቺን ሻይ እያሰበ ነው። ናፍቆቱን ለመናገር ግን አፉ ይተሳሰርበታል።

ዛሬ ጠዋት የኃይል መቆጣጠሪያዋን መመሪያ ደግሞ አነበበው። ፕሮሰሰሩ ሲፈጥን ቮልቴጁ ከፍ እስኪል መታገስ አለበት። አንሙት ትዕግሥቱ እንዲረዝም ብሎ፣ ኮምፒውተሯን ለሚያሠራው ፕሮግራም ለሊኑክስ የቦርዱን ጠባይ በሚነግረው ፋይል ውስጥ አንዱን ቁጥር በየጉዞው ሲያሳድግ ከርሟል። ቁጥሩ ግን የመቆያ ጊዜ ሳይሆን ቮልቴጁ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ የሚነግር ኖሯል። ባሳደገው ቁጥር ፕሮሰሰሩ ኃይሉ የደረሰ እየመሰለው ቀድሞ ይሮጣል። አክማለሁ ሲል ሲያሳምም ነው የኖረው።

ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ሞከረው። ቦርዱ ፈጠነ፣ ዝግ አለ፣ ፈጠነ፤ ቀጥ አላለም። ከእንግዲህ ወደ ሉማሜ የሚያስኬደው ሰበብ አይኖርም።

ስልኩ ጠራ። ትሕትና ነበረች።

"አንሙት፣ ኮምፒውተሯ ደግሞ ስታክ አድርጋለች። ትናንት ከቤት ሁለቴ ተመልሼ ፍሪጁን በቴርሞሜትር ለካሁት።"

"ከዚያ ሁሉ መንገድ?"

"ምን ላድርግ፣ የሕፃናት ክትባት ነው። እንቅልፍ አጣሁ እኮ። ዛሬ ትመጣለህ?"

እመጣለሁ ማለት እንዴት ይቀል ነበር።

"መምጣት አያስፈልግም፣ ሲስተር። ነቅለሽ ስኪያት፤ ማስተካከያውን ከዚህ በኔትወርክ እልከዋለሁ። ከእንግዲህ አትቆምም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።"

"እሰይ" አለች፤ ድምጿ ግን ቀዝቀዝ ብሏል። "መመላለሱ ቀረልህ በለኛ።"

"አዎ፣ ቀረልኝ።"

ማስተካከያውን ላከ። የፍሪጁ የሙቀት ልክ ከሉማሜ ወደ ስክሪኑ መምጣት ጀመረ፤ ደህና ነው። እስከ ከሰዓት ሳይቋረጥ መጣ፤ አንሙትም ሲያየው ዋለ። ከዚያ ጃኬቱን ለበሰ። የመፍቻና የብየዳ ዕቃ ቦርሳውን እንደ ልማዱ ትከሻው ላይ አንጠለጠለ፤ በሩ ጋ ሲደርስ አውርዶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ባዶ እጁን የሉማሜ ሚኒባስ ወደሚነሣበት መናኸሪያ ሄደ።