ነስሪያ ያሳመረችው ውሃ

ከሀደት ሰፈር በኩል መጥቶ ኦዛይ ላይ ባሕር የሚገባውን ያንን ቦይ ወንዝ ብሎ የጠራው ሰው አፍንጫ አልነበረውም። የጋራዥ ዘይት፣ የሰፈር ፍሳሽና የላስቲክ መዓት ተደባልቆ ይወርድበታል። እሑድ እሑድ ታዲያ ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር የመጡ የአገራችን ልጆች ተውበው ፎቶ ሊነሱ የሚሄዱት እዚያው ነበር። መናፈሻ ቢገቡ ፖሊስ «ኢቃማ!» ይላል፤ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ የወጣች ልጅ የመኖሪያ ፈቃድ ከየት ታመጣለች? ወደ ቦዩ ግን ፖሊስም አይጠጋም።

የምታነሳቸው ነስሪያ ነበረች፤ የወሎ ልጅ፣ ማዳሟን ጥላ ከወጣች አራት ዓመቷ፣ ከቤት ቤት እየዞረች የምታጸዳ። በፈረንጆቹ 2019 መገባደጃ ከተማው በተቃውሞ ሰልፍ ሲናጥ፣ ሱቁን ታጸዳለት የነበረ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ በሩን ዘጋና አሮጌ ካሜራውን ከነማጣሪያ መስታወቶቹ ሰጣት። የጥቁሩ መስታወት ነገር ጉድ ነው። ካሜራው አፍ ላይ ሲጠመዝዙት ብርሃኑን ስለሚያፍን ካሜራው ስምንት ዘጠኝ ሰከንድ ዓይኑን ገልጦ ይቆያል። በዚያ መሃል የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይሟሟል፤ አረፋው፣ ላስቲኩ፣ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ ይጠፋና ውሃው ወተት ይመስላል። የሚቀረው ዝም ብሎ የቆመ ብቻ ነው። ስለዚህ ነስሪያ ካሜራዋን የቦዩ ግንብ ላይ አስደግፋ «ያላ፣ ድንጋይ ሁኚ!» ትላለች፤ ልጆቹም ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆማሉ።

እያለቀሰች የተነሳችውን ፎቶ ወደ አገር ቤት የምትልክ ልጅ የለችም። ነስሪያም አምሮባት የተነሳችውን ለእናቷ ላከች። እናት ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ወር ሳይሞላ የታናሽ እህቷ የፈሪሃ ድምፅ መጣ፦ «እታለም፣ ውሃው እንኳ እንዲህ የሚያምርበት አገር ብቻሽን ልትኖሪበት ነው? ደላላ አግኝቻለሁ፤ እመጣለሁ።»

ነስሪያ ክው አለች። በማግስቱ መስታወቶቹን ቤት ትታ ቦዩን እንዳለ አነሳችው፤ የተነፋውን የውሻ ሬሳ ሳይቀር። «ያየሽው ውሃ ይኸው ነው። ወላሂ እንዳትመጪ» ብላ ላከች።

መልሱ ከእናቷ ነበር። «በእህትሽ ትቀኚያለሽ? አንቺ ካለፈልሽ እሷ ቢያልፍላት ምን አለበት? ይሄን ቆሻሻ ከየት ለቅመሽ ነው የላክሽልን?»

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሏል ይሄ ነው። ፈሪሃ በፈረንጆቹ 2020 የካቲት ላይ ደረሰች። ደላሎቹ ሀደት አንድ ቤት አስገቧት፤ ማዳሟ ስልኳን ቀማቻት፤ ጥቂት ቆይቶ በኮሮና ምክንያት አገሩ ሁሉ ተዘጋ። አራት ወር ድምጿ አልተሰማም። እናት በየቀኑ «ልጄ አለች?» ትላለች፤ ነስሪያም ምንም ሳታውቅ «አለች እማ» ትላለች። መስታወቱን ባየችው ቁጥር ሰባብራው ቦዩ ውስጥ መክተት ያምራታል።

በሰኔ ማዳሟ «ኸላስ፣ አልፈልግሽም» ብላ ፈሪሃን ከአንዲት ፌስታል ጋር ከበር አወጣቻት። ልጅቷ በሻሿ ጫፍ ላይ የጻፈችውን የነስሪያን ቁጥር መንገደኛ ለምና አስደወለች። ነስሪያ ደርሳ ስታያት አላወቀቻትም። ጸጉሯ ተላጭቷል፤ አጥንቷ ወጥቷል፤ እጇ ደግሞ አንዴ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አይቆምም። ነስሪያ አቅፋት አለቀሰች፤ ፈሪሃ ግን አላለቀሰችም።

እናት ከዚያ በኋላ ፈሪሃን በስልክ ብትሰማትም በድምፅ ብቻ አላምን አለች። «ፎቶዋን ካላየሁ ሞታለች ማለት ነው» አለች፤ እህል መብላትም ተወች። እሑድ ጠዋት ሁለቱ እህትማማቾች ቦዩ ዳር ወረዱ። ፈሪሃ የነስሪያን ቀይ ቀሚስ ለብሳ ግንቡ ጋ ቆመች።

«በመስታወቱ አንሺኝ» አለች።

«ያኒ አሁንም? ያመጣሽ እሱ አይደል እንዴ!»

«እማ እንዲህ ሆኜ ካየችኝ ትሞታለች፤ እታለም። እንደ ድሮው አሳምሪው።»

ነስሪያ እምቢ ማለት ነበረባት፤ አልቻለችም። ጥቁሩን መስታወት ጠመዘዘችው። «ድንጋይ ሁኚ እህቴ» አለችና ቆጠረች። ፈሪሃ ጥርሷን ነክሳ ቆመች፤ እጇ ግን አልታዘዛት አለ፤ መንቀጥቀጡ ከእጇ ወደ ትከሻዋ፣ ከትከሻዋ ወደ አገጯ ወጣ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ሦስቱም ላይ ውሃው ወተት ነው፤ ግንቡ ግንብ ነው፤ ፈሪሃ በቆመችበት ቀይ ጭጋግ አለ፤ ፊት የለውም።

«መስታወቱን አውልቄ ላንሳሽ፤ እውነቱን ትየው» አለች ነስሪያ።

«አይሆንም» አለች ፈሪሃ። የካሜራውን ካርድ የነስሪያ ስልክ ላይ ሰካችና ከሦስቱ የተሻለ የመሰላትን ራሷ ላከችው።

ሁለቱም ግንቡ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ብዙ ሳይቆይ የእናታቸው ድምፅ መጣ።

«ነስሪያዬ፣ ውሃውን አየሁት፤ ዛሬም ያምራል። ልጄስ የታለች?»