የዕፀገነት የፍሬን መብራት

ሀብተሚካኤል ብረት በያጅ ነው። አቃቂ በሰቃ ውስጥ የእሱ እጅ ያላረፈበት የግቢ በር ማግኘት ይቸግራል። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በበሮቹ ሳይሆን ሚስቱን በመውደዱ ነው። ይህን መደበቅ አይችልበትም። ለነገሩ ምንም ነገር መደበቅ አይችልበትም፤ እሱ ግን የሚችል ይመስለዋል።

ሚስቱ ዕፀገነት በልጅነቷ ፖሊዮ ሁለቱንም እግሮቿን ስለያዘባት በክራንች ነው የምትሄደው። ቂሊንጦ፣ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ለዓመታት ጠዋት የሚያደርሳት፣ ማታ የሚመልሳት እሱ በፒክአፑ ነበር። አንድ ቀን «ሀብቴ፣ እንደ ብረትህ ተጭኜ መመላለስ ሰለቸኝ» አለችው። አሮጌ አውቶማቲክ ቪትዝ ገዙ። ሀብተሚካኤል ከመሪው ሥር ነዳጁንም ፍሬኑንም በእጅ የምታዝበት ዘንግ ሠራላት። መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ቁልፉን ስትረከበው ግን ዓይን ዓይኑን እያየች፣

«እንዳትከተለኝ። ሕፃን አይደለሁም» አለችው።

«ሚካኤልን! አልከተልሽም።»

በማግስቱ ያላለቀ የግቢ በር ፒክአፑ ላይ እንደተጫነ፣ ከሁለት መኪና ኋላ ሆኖ ተከተላት። በመካከላቸው ሁለት መኪና ካለ የማይታይ መስሎታል፣ የዋህ!

ቂሊንጦ መንገድ ላይ ሚኒባስ ድንገት ቆመ። ዕፀገነትም ቆመች፤ አቋቋሟም ያኮራ ነበር። ከኋላዋ ግን ቀይ መብራት አልበራም። ሀብተሚካኤል ልቡ ስንጥቅ አለ። መብራቱን የሚያበራው ማብሪያ ያለው ፔዳሉ ላይ ነው። የእሱ ዘንግ ደግሞ ፔዳሉን ሳይነካ ፍሬኑን በቀጥታ ይገፋል። ሠርቶ የጨረሰ ዕለት ሲሞክሩት እሷ ከኋላ ቆማ «በርቷል!» ያለችው፣ እሱ እንደ ልማዱ በእግሩ ረግጦ ነበር። እግሯ ለማይታዘዛት ሴት የተሠራን መኪና በእግሩ የሚሞክር ሰው አለ? አለ፤ ስሙ ሀብተሚካኤል ነው።

እንግዲያው ይንገራታ! ግን ምን ብሎ? የፍሬን መብራትን ነጂው አያየውም፤ የሚያየው ከኋላ ያለ ሰው ነው። ማታ እራት ላይ ጀመር አደረገው።

«የመኪናሽ ዓመታዊ ምርመራ ደረሰ አይደል? የተለወጠ መኪና ከሆነ መብራቱን አጥብቀው ነው የሚያዩት አሉ።»

«ምን አስጨነቀህ? ራሴ ቆሜ አይቼው የለ።»

«ስሞክረው ተሳስቻለሁ» ቢላት ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን «እንዴት አወቅክ?» ያለችው እንደሆነ ፊቱ እንደሚያሳብቅበት ያውቃል። ስለዚህ ጉርሻውን ዋጠና የሞኝ ብልሃት አወጣ፤ ጉድለቱን ምርመራው ላይ ይንገሯት፣ እስከዚያ ግን እኔ ከኋላዋ ሆኜ እከልላታለሁ አለ።

ከለላትም። የምርመራው ቀን ሊደርስ ሲል፣ አንድ ጠዋት አሸዋ የጫነ ከባድ መኪና ከኋላ እየተንደረደረ መጣ። ሀብተሚካኤል ፈጥኖ በመካከል ገባና ከዕፀገነት ኋላ ተለጠፈ። ዓይኑ ስፖኪዮው ላይ፣ ከባዱ መኪና ላይ ነበር። ቀና ሲል ቪትዟ ቆማለች። ምንም የበራ ነገር የለም። ፍሬኑን ረገጠ፤ ግን ጓ! ከኋላ ገጫት። ከባዱ መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ በጎን አለፈ።

ወርዶ ወደ መስኮቷ ሮጠ።

«ዕፄ! ደህና ነሽ?»

ዘንጉን እንደጨበጠች ቀና ብላ አየችው።

«ደህና ነኝ። ምነው ዛሬ ተጠጋህ? ሌላ ጊዜ ከሁለት መኪና ኋላ ነበር የምትሆነው።»

«አውቀሻል እንዴ?»

«የግቢ በር ተሸክመህ ልትደበቅ? ከመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁህ። ዝም ያልኩህ አንጀቴን ስለበላኸኝ ነው። የመታኸኝ ግን ለምንድን ነው?»

«መብራትሽ አይበራም። በእጅ ስትይዢው አይበራም።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «መቼ አወቅክ?»

«የመጀመሪያው ቀን።»

«ስትከተለኝ አልተቀየምኩህም፣ ሀብቴ» አለች ቀስ ብላ። «አውቀህ ዝም አልከኝ? እንዳላኮርፍህ ብለህ ያለ መብራት ለቀቅከኝ?»

ሀብተሚካኤል መንገዱ ዳር፣ የመኪናዋን የተጋጠበ የኋላ ፓራውልት ይዞ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። «ፈራሁ» አለ በመጨረሻ። «ከኋላሽ እንዳልሆን እንዳትከለክይኝ ፈራሁ።»

ዕፀገነት ዕለቱን አኮረፈች፤ ሐቋ ነው። እሱ ግን ከሥራ እንደተመለሰች ቁልፉን ለምኖ ተቀበላትና ዘንጉ ላይ ሌላ ማብሪያ ገጠመ። ኩርፊያዋን ሳትፈታ መሪው ጋ ተቀምጣ በእጇ ያዘች፤ በዚህኛው ሙከራ ከኋላ የቆመው እሱ ነው። «በርቷል!» ሲል ድምፁ ጎረቤት ተሰማ።

ምርመራው ላይ መርማሪው አጎንብሶ ዘንጉን አየና፣ «በፔዳሉ ሲበራ አይቻለሁ፤ አሁን በምትነጂበት ዘንግ ያዢልኝ፣ እህቴ» አላት። «አሮጌም ይሁን የተለወጠ፣ ስትቆሚ ከኋላሽ ያለው ሰው ማወቅ አለበት።» ያዘች። በራ። አለፈች።

በማግስቱ ሞተሯን አስነስታ በመስኮት ጠራችው።

«ዛሬ ተከተለኝ። መንገድ ላይ በደንብ እይልኝና ወደ ሥራህ ተመለስ።»

ተከተላት፤ አሁን በግልጽ፣ ልክ ከኋላዋ። ሚኒባስ ሲቆም በራ። እግረኛ ሲሻገር በራ። በቂ ነበር፤ መመለስ ነበረበት። እሱ ግን እስከዚያ መታጠፊያ፣ ደግሞ እስከዚያኛው እያለ አብሯት ነጎደ።

ከመታጠፊያው በኋላ መንገዱ ባዶ ሆነ። መብራቷ ግን በራ፣ ጠፋ። ደግሞ በራ፣ ጠፋ። ሀብተሚካኤል ደንግጦ አንገቱን አስግጎ ወደ ፊት አየ፤ የሚያስቆማት አንድም ነገር የለም። ያኔ ገባው። መብራቱን የምታበራው ለእሱ ነበር። ይበራል፣ አይተሃል፣ በቃ ተመለስ እያለችው ነው።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፍሬቻ አብርቶ ዳር ያዘና፣ ከዓይኑ እስክትሰወር እንኳ ሳይጠብቅ፣ ፒክአፑን አዙሮ ወደ ሥራው ተመለሰ።