ባዶው ብልቃጥ

የላቦራቶሪው መመርመሪያ ማሽን ያወጣውን መስመር ሳይ መጀመሪያ ብልቃጦቹን ያምታታሁ መሰለኝ። የባሕር አረም ያልነካው፣ አልኮል ብቻ የገባበት ብልቃጥ አረሙ ያለበት የሚያሳየውን ያንኑ ከፍ ያለ ጫፍ አሳየ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ለሙከራ የማሳድጋቸው የካንሰር ሴሎች ላይ ጠብ አደረግኩት። በማግስቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሞተው አገኘኋቸው።

ያን ጫፍ ስከተለው ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባሕር ላይ በገመድ ተዘርቶ ያደገ አረም ደርቆ በከረጢት ወደ ላቦራቶሪያችን ይመጣል፤ እኔ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ ለመድኃኒት የሚሆን ነገር እፈልግበታለሁ። አንዱ ውህድ የካንሰር ሴሎችን ሲገድል ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ገዳዩ ግን ከባሕር አልመጣም። የምንጠቀምበትን የፕላስቲክ ቱቦ የሚያለሰልሰው ኬሚካል ነው፤ አልኮሉ አጥቦ ያወጣዋል።

«ያጋጥማል» አለችኝ አለቃዬ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ።

እኔ የማስበው ስለ ጋሼ ገብሩ ነበር።

ባለፈው ወር ፓስተራችን ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ የሴሎቹን ነገር በአጭሩ ነገርኩት። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል እሱ ራሱ እሑድ መድረክ ላይ መሰከረልኝ። ግሪስሃይም ሰፈር ለአምልኮ የተከራየነው አዳራሽ በእልልታ ተናጋ። ጉበታቸው ላይ ካንሰር ያለባቸው ጋሼ ገብሩ ከፊት ረድፍ ዞረው አዩኝ። በሳምንቱ ባለቤታቸው እትዬ ዘርፈሽዋል፣ «የኬሞውን ቀጠሮ ሰርዘነዋል፤ ያንቺን እንጠብቃለን» አሉኝ። ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል ብላቸው ሳቁብኝ። ሐኪሙ ግን ደውሎ ለመጨረሻ ጊዜ ለሐሙስ ቀጥሯቸው ነበር። ሐሙስ ነገ ነው።

ከሥራ በቀጥታ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር፣ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ገብሩ ሶፋው ጥግ ብርድ ልብስ ለብሰው ኳስ ያያሉ።

«ነይ ሃይሚ፣ የኔ ዶክተር! ምነው ከሳሽ? ያ አረም ነው እንዴ የሚቀልብሽ?»

ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ባቡር ውስጥ ስለማመደው ነው የመጣሁት። «ተሳስቻለሁ። አረሙ ምንም የለበትም። ባዶው ብልቃጥም ሴሎቹን ገደላቸው።»

አጠገባቸው የተቀመጡት እትዬ ዘርፈሽዋል ወደ እኔ ዞሩ። «አረሙ ሳይገባበት?»

«ሳይገባበት።»

«ባዶው?»

«ባዶው።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ጌታ ሆይ! ገብሩ፣ ሰማህ? ጌታ በባዶው ሠራ! አረሙንም አልፈለገው!»

«አይደለም እትዬ፣ መርዝ ነው። ከፕላስቲኩ የወጣ ነው። ጤነኛውንም ሴል ይገድላል።»

«ተይ ልጄ፣ ጠላት ነው እንዲህ የሚያስጠረጥርሽ።» ስልካቸውን አንሥተው ለቤተ ክርስቲያን እህቶች ሊደውሉ ወደ ኩሽና ገቡ። እልልታቸው እስከ ሳሎን ይሰማል።

ጋሼ ገብሩ ኮታቸውን ደርበው ሊሸኙኝ ወጡ። ሊፍቱ ውስጥ ግድግዳውን ተደገፉ።

«ነገ ይሂዱ ጋሼ። እለምንዎታለሁ።»

«ገብቶኛል ያልሽው» አሉ። «መጀመሪያም አላመንኩበትም።»

«ታዲያ ለምን ሰረዙት?»

«አንዴ ቀምሼዋለሁ። ድጋሚ አልችለውም። አልችልም ብላት ዘርፌ እንቅልፍ የላትም፤ ስትለምነኝ ታድራለች። የሃይሚን መድኃኒት እጠብቃለሁ ስላት ግን ትተኛለች።» በሩ ተከፈተ፤ አልወጡም። «እሑድ መድረክ ላይ ወጥተሽ እንዳታፈርሺብኝ።»

«እኔ መድረክ አልወጣም።»

«አውቃለሁ። አንቺን የመረጥኩት ለዚሁ ነው» አሉና ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳል ያዛቸው።

ሐሙስ አልሄዱም። ቤታቸው ደወልኩ፤ እትዬ ዘርፈሽዋል አንሥተው ባረኩኝ።

እሑድ ከኋላ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘርፈሽዋል ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ስለ ባዶው ብልቃጥ መሰከሩ። ሕዝቡ ተነሣ። ጋሼ ገብሩ መነሣት ስላቃታቸው ተቀምጠው ቀሩ፤ በሰው እግር መካከል ዞረው ፈለጉኝ። ሲያገኙኝ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ከሰው ጋር ተነሥቼ አጨበጨብኩ።